ሌሊቱን ሙሉ ስሮጥ ያደርኩት በሽተኛ ጋ አልነበረም

ሌሊት ተረኛ | ኅዳር 3፣ ከጠዋቱ 5:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ነርስ ነኝ። ክልል ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል፣ ሜዲካል ዋርድ፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ከናይት ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ከረዘመ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ የልጄ ግሉኮስ ያለቀ መሰለኝ» አሉኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እማማ፣ አይቻለሁ አልኩ እኮ! ቁጭ ይበሉ!» አላየሁም ነበር። ስሄድ ግሉኮሱ አልቆ ደም ወደ ቱቦው መመለስ ጀምሯል። ደም ሥሩ ውስጥ የገባችው ካኑላ ተዘግታለች። ልጁን ሌላ ደም ሥር ፍለጋ ሦስት ቦታ ወጋሁት። እናትየው አልተቆጡኝም። «አይዞሽ፣ ደክሞሽ ነው» አሉኝ። እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ «አይዞሽ» ናት። ተማሪ እያለሁ እንዲህ የሚጮኹትን ሲስተሮች ሳይ «እኔ እንደነሱ አልሆንም» እል ነበር።

በማግስቱ ናይት አንድ ነገር ሞከርኩ። የጓንት ካርቶን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ። በሽተኛ አጠገብ መሆን ሲገባኝ የሆነ ዕቃ ፍለጋ በወጣሁ ቁጥር አንድ ጭረት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስቆጥረው 47 ሆነ። 13ቱ ቢፒ (የደም ግፊት) መለኪያ ፍለጋ ነው። የሚሠራው አንድ ነው፤ እሱንም ከሰርጂካል (ቀዶ ሕክምና) ዋርድ ጋር ነው የምንጋራው። 9ኙ የመድኃኒት ቁምሳጥን ቁልፍ። ቁልፋችን በፋሻ ቁራጭ ታስሮ ከአንዷ ኪስ ወደ ሌላዋ ኪስ ሲዞር ያድራል፤ አንዳንዴም ተረኛዋ ረስታው ቤቷ ይዛው ትገባለች። 6ቱ ወደ ፋርማሲ። 4ቱ የኦክስጅን ሲሊንደር መፍቻ። ስለ መፍቻው ሳስብ አሁንም ሆዴ ይገለበጣል። ሳቹሬሽኑ (በደሙ ያለው ኦክስጅን) 78 የገባ ሰው አጠገብ ሙሉ ሲሊንደር አቁመን፣ መፍቻ ፍለጋ ኢመርጀንሲ ድረስ ሮጫለሁ። የቀረው ቻርት፣ የስኳር ስትሪፕ፣ ባትሪ፣ ምናምን ነው።

አርባ አልጋ ለሦስት ነርስ መሆኑ አልጠፋኝም። እሱን እኔ አልፈታውም። ግን የጨረሰኝ የበሽተኛው ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ካርቶኑ ነገረኝ። እናንተ ጋስ እንዴት ነው? ያለ በጀት፣ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ባነር የሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ። ባነርማ ሞልቶናል።

ከዲዩቲ መልስ | ኅዳር 3፣ ከቀኑ 7:25

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ቅር አይበልሽ፣ ልቃወም። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ከዲዩቲ (ከተረኝነት) ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ቀጥታ የግል ክሊኒክ ነው የምገባው። ካልገባሁ የቤት ኪራይ አልሸፍንም። የዲዩቲ ክፍያችን ወራት ተጠራቅሞ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ተቆራርጦ። እንዲህ ያለ ሰው ቁልፉ ቦታው ላይ ስለተገኘ ድካሙ ይወጣለታል? በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያው ጥያቄ ይዞ የተነሳው ስለ ደሞዝ እንጂ ስለ መፍቻ አልነበረም። ደግሞ አለቆቻችን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያዩ ደስ ነው የሚላቸው። «አያችሁ፣ ችግሩ የአሠራር እንጂ የገንዘብ አይደለም» ለማለት ይመቻቸዋል።

ሌሊት ተረኛ | ኅዳር 3፣ ከቀኑ 7:50

@ከዲዩቲ መልስ ዶክተር፣ አንድም ቃል አልቃወምህም። የኔም ዲዩቲ ከነሐሴ ጀምሮ አልተከፈለም። ግን ደሞዙ እስኪስተካከል ሲሊንደሩን ማን ይክፈተው?

አምስቱ ማ | ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 1:15

የጥራት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ድንጋይ እንዳትወረውሩብኝ። ካይዘን (ከጃፓን የመጣው የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ) ሲባል ሰው የሚስቀው ወዶ አይደለም። አምስቱን «ማ»ዎች በሚያምር ፊደል አሳትመን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ጉብኝት ሊመጣ ሲል አራቱን በአንድ ቅዳሜ እንጨርሳቸዋለን። ማዝለቅ ላይ ሲደርስ ጎብኚው አገሩ ገብቷል።

ስህተታችን የት እንደነበር ልንገራችሁ። ምኑ የት ይቀመጥ የሚለውን ቢሮ ቁጭ ብለን ወሰንን። የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪውን ለዓይን እንዲያምር ከሜትረኗ (ከነርሶቹ ኃላፊ) ቢሮ ፊት ለፊት አቆምነው። በጠና የታመሙት ደግሞ የሚተኙት ኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት «ይሄ ጋሪ እዚህ ማንን ያድናል?» ያለችን። አፈርን። በዚያው ቀን ወሰድነው፤ ምንም በጀት አልጠየቀም።

ስለዚህ ካርቶኑን አትጣዪው። ቢሮዬ ካለው የቼክሊስት ክምር ያንቺ ካርቶን ይበልጣል። ሜትረኗ ጋ ስትሄጂ ግን 47ቱንም ይዘሽ አትግቢ። ሁለት ብቻ ያዢ፤ ገንዘብ የማይጠይቁትን። «ችግር ዘርዛሪ» ከተባልሽ አለቀልሽ።

አዋላጅ ከጤና ጣቢያ | ኅዳር 4፣ ከሌሊቱ 8:30

ተረኛ ነኝ፣ ምጥ የያዛት የለም፣ ልጻፍ።

የኛ ቤት ድካም የሚጀምረው ከርክክብ ነበር። ወጪዋ ታክሲ እንዳያመልጣት ቦርሳዋን አንጠልጥላ «ሁሉም ሰላም ነው፣ 4 ቁጥርን ብቻ እያት» ብላ ትወጣለች። የ4 ቁጥር ምንዋ ነው የሚታየው? ኋላ ስንደውል ስልኳ ዝግ ነው። ተኝታለች፤ እሷም ሰው ናት። እንግዲህ ከዜሮ መጀመር ነው። ካርድ ማንበብ፣ ሁሉንም እንደገና መመርመር። አንዷ እናት «ያችኛዋ አሁን መርምራኝ ወጣች እኮ፣ ስንቴ ነው?» ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ።

አሁን ወጪና ገቢ አብረን አልጋ ለአልጋ እንዞራለን። ለእያንዳንዷ ሦስት ነገር ብቻ ይነገራል፦ በምን መጣች፣ ምን ተደረገላት፣ ከአሁን በኋላ ምን ይጠበቃል። እናትየዋ እየሰማች። ስንሳሳት እሷው ታርመናለች። መጀመሪያ ሁለት ልጆች አኩርፈው ነበር። «ሰዓታችን አልፏል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ገቢዋ ሩብ ሰዓት ቀድማ ትመጣለች፤ በምላሹ እሷም ስትወጣ በሰዓቷ ትወጣለች። ተካካስን። ስምንት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የ30ኛው ሰዓት | ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 3:40

@አዋላጅ ከጤና ጣቢያ እዚህ ላይ ልጨምር። ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን እየሠለጠንኩ ያለሁ ሐኪም) ነኝ። ኢንተርን እያለሁ 36 ሰዓት እሠራ ነበር። አንድ ቀን በ30ኛው ሰዓት ላይ ማዘዣው ላይ የበሽተኛውን ስም ትቼ የራሴን ስም ጽፌ ወደ ፋርማሲ ላክሁ። ፋርማሲስቱ ስቆ መለሰው። የተሳሳትኩት መጠኑን ቢሆንስ?

አሜሪካኖች ይህን ነገር የነኩት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ሊቢ ዚየን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያክሟት የነበሩት ረጅም ሰዓት የሚሠሩ፣ ገና በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። አባቷ ጋዜጠኛ ነበርና ነገሩን አልለቀቀውም። የኒውዮርክ ግዛት በ1989 የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ገደበ። በ2003 አገር አቀፍ ደንብ ሆነ። ከዚያስ? ሰዓቱ ሲያጥር ርክክቡ በዛ። ርክክቡ ሲበዛ በመሀል የሚጠፋው ወሬም በዛ። ዘጠኝ ቦታ የሕፃናት ሐኪሞች ርክክቡን አንድ ወጥ ቅርጽ ሰጥተው ሠለጠኑበት። አይፓስ ይሉታል። በ2014 የወጣው ውጤት የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳየ፤ ርክክቡም አልረዘመም። ያንቺ «ሦስት ነገር» የዚያ ታናሽ እህት ናት።

ሌላው ሞርኒንግ (የሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ) ነው። ሌሊቱን ስድስት ሰው ይዞ ያነጋ ልጅ ጠዋት ባልሞላት አንዲት ፎርም በሃምሳ ሰው ፊት ይሰቀላል። ሲኒየሩ ሲጨርስ «ትምህርት ነው» ይባላል። እኔ ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር የረሳሁትን መደበቅ ነው። ይሄ ደግሞ በሽተኛ ይገድላል።

የታማሚ ልጅ | ኅዳር 4፣ ከቀኑ 9:05

ይቅርታ፣ ባለሙያ አይደለሁም። አባቴን 19 ቀን ሆስፒታል አስታምሜያለሁ። እናንተ ላይ የምንመላለሰው ልናስቸግራችሁ ፈልገን አይደለም፤ ምን እየተደረገ እንደሆነ ስለማናውቅ ነው። አንዷን ነርስ ግን አልረሳትም። ማታ እንደገባች በየአልጋው ዞረች። ስሟን ነገረችን። «መድኃኒት 4 ሰዓት ላይና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ በመሀል የለም፣ አትጠብቁ» አለች። ከዚያ ግሉኮሱ ጠርሙስ ላይ ፕላስተር ለጥፋ «እዚህ ሲደርስ ጥሩኝ» ብላ መስመር አሰመረች። ያን ሌሊት አስታማሚው ሁሉ ጠርሙሱን ሲጠብቅ አደረ። ማንም በከንቱ አላስነሳትም።

ሌሊት ተረኛ | ኅዳር 4፣ ከቀኑ 9:30

@የታማሚ ልጅ ወንድሜ፣ ፕላስተሯን ዛሬ ማታ እሰርቃታለሁ። አባትህን እግዚአብሔር ይማራቸው።

ኦክላንድ | ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 1:20

ከካሊፎርኒያ ነው። አዲስ አበባ አራት ዓመት ሠርቼ ነው የወጣሁት፤ እዚህ አሥራ አንድ ሆነኝ። እዚህ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ነርስ ስንት በሽተኛ እንደሚይዝ ሕግ ይገድባል። ጽኑ ሕሙማን ላይ ሁለት፣ ተራው ሜዲካል ዋርድ ላይ አምስት። እህቴ ጥቁር አንበሳ የሠራች ነርስ ናት፤ ስነግራት «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር? አምስት ይዤም መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አለ። እዚህ የሚጨርሰን ኮምፒውተሩ ነው። አንዲት ክኒን ለመስጠት ስንት ቦታ መጫን አለ መሰላችሁ።

ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ሃዋይ ያለ ሃዋይ ፓሲፊክ ሄልዝ የሚባል የሆስፒታሎች ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቹን ጠየቀ፦ ከምትሞሉት ውስጥ የማይረባ፣ በቃ ደደብ የሆነ ነገር የቱ ነው? አማርኛው ይከብዳል እንጂ በእንግሊዝኛውም «ደደብ» የሚለውን ቃል ነው የተጠቀሙት። ከመጣው ጥቆማ አንዱ ነርሶች በየሰዓቱ «በሽተኛውን ዞሬ አይቻለሁ» ብለው የሚጫኗት ነገር ነበረች። በሰዓት 24 ሴኮንድ ለአንድ በሽተኛ። ምንም አትመስልም አይደል? ሲደምሩት በአራት ሆስፒታል በወር 1,700 ገደማ የነርስ ሰዓት ሆነ። ሰረዟት። የእናንተ ክሊክ ወረቀቱ ነው። የአንድ በሽተኛ ስም ስንት ቦታ እንደምትጽፉ ቁጠሩት እስቲ።

ሁለት ለቀበሌ | ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 4:00

@ኦክላንድ ወረቀት ካላችሁማ እኔን ጥሩኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 የጤና ፓኬጅ ነበር፤ አሁን 18 ነው። በየቀበሌው የተመደብነው ግን ያኔም ሁለት፣ አሁንም ሁለት ነን። የቤተሰብ ማኅደር አለ፣ ታብሌት አለ፣ ሪፖርት አለ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው አይቀርም። አንድ ነፍሰ ጡር ለመጎብኘት አርባ ደቂቃ እሄዳለሁ። ያየሁትን ለመጻፍ ከዚያ የሚያንስ አይፈጅብኝም። መሄዱ አይደክመኝም። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ይለኛል።

ፋርማሲ መስኮት | ኅዳር 5፣ ከቀኑ 8:15

በሌሊት የሚንኳኳው በር የኔ ነው። ለአንድ በሽተኛ፣ ለአንድ ዶዝ፣ አንድ ማዘዣ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሁላችንም እንሰለቻለን። መፍትሔው ቀላል ነው። ዋርዱ በ24 ሰዓት ስንት ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲክ)፣ ስንት ሲሪንጅ፣ ስንት ካኑላ እንደሚጨርስ ጻፉልኝ። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጎደለውን ልሙላ። ግን ቀላል ያልሆነው ይሄ ነው፦ ባለፈው ዓመት ዋርድ የወጣ 12 ቪያል (ብልቃጥ) መድኃኒት ሳይፈረምበት ቀርቶ ከደሞዜ ተቆርጧል። ፊርማ የምትሰጠኝ አንዲት ነርስ በስም ካለች እሞላለሁ። «ዋርዱ ይፈርማል» አይባልም። ዋርድ እጅ የለውም።

ዝምታ | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 2:45

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ስለ በርንአውት (ሥራ ስለሚያመጣው መሰላቸትና መዛል) ሲወራ ሁሉም ነገር አንድ ላይ እየተቀቀለ ነውና ጥቂት ልለይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው በሥራ ምክንያት የሚመጣ ክስተት አድርጎ ነው፤ በሽታ ነው አላለም። ሦስት ምልክት አለው፦ መዛል፣ ከሥራው መራቅና ማሽሟጠጥ፣ «ምንም አልረባም» ማለት። ሲስተር ሌሊት ተረኛ እናትየው ላይ የጮኸችው ሁለተኛው ነው። ሰውዬው «12 ቁጥር» ይሆናል፣ ስም አይኖረውም። ክፋት አይደለም፤ ልብ ራሱን ሲከልል ነው።

እረፍት ወጥተሽም ካልተሻለሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ቤትሽም ውስጥ ምንም ደስ የማይልሽ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው። ድብርት ሊሆን ይችላል፤ በቁልፍና በመፍቻ አይታከምም። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ነገ አትበሉ። እኛ ባለሙያዎች ለመታከም የመጨረሻዎቹ ነን። «ምን ይሉኛል፣ ካርድ ክፍሉ ሁሉ ያውቀኛል» እንላለን። ሌላ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ግን ሂዱ።

ከዲዩቲ መልስ | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 3:10

@ዝምታ የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። አመሰግናለሁ።

ሌሊት ተረኛ | ጥር 2፣ ከጠዋቱ 4:30

ጠፋሁ አይደል? ይኸው መጣሁ፤ ሁለት ወር ሆነን።

የጥራት ክፍሉን ሰው ምክር ሰምቼ ሜትረኗ ጋ ሁለት ነገር ብቻ ይዤ ገባሁ፤ ቁልፉንና መፍቻውን። ካርቶኑን ስታይ ሳቀች። ከዚያ «እኔም ነርስ እያለሁ ይሄ መፍቻ አልነበረም» አለችኝ። መፍቻውን ሲሊንደሩ ማቆሚያ ላይ በሰንሰለት አሰርኩት። ለቁልፉ ምስማር መታን፤ ርክክቡ ላይ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ካልታየ ማንም አይወጣም። አንድ ሌሊት አንዷ ልጅ ባጃጅ ተሳፍራ ከመንገድ ተመልሳለች። እየተራገመች ነው የመለሰችው፣ ግን መለሰች።

ፕላስተሩ ወርቅ ነው። አስታማሚዎቹ አሁን ራሳቸው «ሲስተርዬ፣ መስመሩ ጋ ሊደርስ ነው» ይሉኛል።

ፋርማሲው እስካሁን አልተሳካም። ፈራሚ ጠፋ። ሁሉም «እኔ አልፈርምም» አለ፤ አልፈርድባቸውም፣ የ12 ቪያሉን ታሪክ እኔም አንብቤዋለሁ። አሁን በየተረኛው እንዲፈረም እየተነጋገርን ነው።

የስሙን ነገር ቆጠርነው፤ አንድ ገቢ በሽተኛ ሰባት ቦታ ይጻፋል። ከሰባቱ አንዱ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነው። ማን እንደሚወስደው ጠየቅን። ካርድ ክፍል አያውቅም። ሪፖርት ክፍል አያውቅም። በመጨረሻ አንድ የቆየ ሠራተኛ ነገረን፤ የአንድ ፕሮጀክት ነበር፣ ፕሮጀክቱ ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ለማንም ሞልተነዋል። መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ አንደኛዋ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

ትናንት እንደገና ጭረት ያዝኩ። 26። ቢፒው ያው አንድ ነው። ነርሶቹም ያው ሦስት ነን፤ እንዲያውም አንዷ ወሊድ ወጥታለች። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ አስር ደቂቃ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ።

አምስቱ ማ | ጥር 2፣ ከቀኑ 6:20

ሰማያዊውን መዝገብ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እኛም ጋ አንድ እሱን የሚመስል አለ። ዛሬውኑ ማን እንደሚወስደው ልጠይቅ ነው።

ከዲዩቲ መልስ | ጥር 2፣ ከምሽቱ 1:00

ሰንሰለቱን ከየት አመጣሽው ግን? እኛ ኢመርጀንሲ መፍቻው ትናንት ማታ ጠፍቶ ነበር።

ሌሊት ተረኛ | ጥር 2፣ ከምሽቱ 1:12

የውሻ ሰንሰለት ነው። ቅዳሜ ገበያ፣ 120 ብር፣ ከኪሴ።

ከዲዩቲ መልስ | ጥር 2፣ ከምሽቱ 1:15

ደረሰኙን አስቀምጪው። ከነሐሴው ዲዩቲ ጋር አብሮ ይከፈልሻል።